ያልተቆረጠው ገመድ

አውሮፕላኑ ሰበታን አልፎ የወጨጫን ተራራ በግራ ክንፉ እየታከከ ወደ ሰሜን ሲያቀና፣ ሃምሳ አለቃ ገለቴ ጎበና ለዝላይ በቆሙት ሁለት ረድፍ ወታደሮች መካከል እየተሸጋገረች የእያንዳንዱን ጀርባ በመዳፏ ትዳብስ ነበር። ዳሰሳው ለማጽናናት አልነበረም። ጣቶቿ የሚፈልጉት የላላ ማሰሪያ፣ የተጣመመ መንጠቆ፣ ከቦታው ያፈነገጠ ገመድ ነው። በሩ ከተከፈተ ቆይቷል። የኅዳር ብርድ እየገረፈ ይገባል፤ የሞተሩ ጩኸት ጥርስ ያንቀጠቅጣል፤ ሰው ከሰው የሚነጋገረው አፉን ከጆሮ አስጠግቶ ነው።

"ሃምሳ አለቃ፣ የኔን አንቺ ነሽ ያጠፍሽው?" አላት አስር አለቃ ዲሪርሳ፣ ጀርባውን ስትነካው ዞር ብሎ።

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ካልተከፈተ ማንን እንደምጠይቅ አውቄያለሁ።"

"ካልተከፈተ አትጠይቅም" አለችው። ከኋላው የቆመው ወታደር ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

ዲሪርሳ የቡራዩ ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ግትር፣ ክርክር የማይሰለቸው። ሚስቱ ፀደንያ ካሳንቺስ ተወልዳ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ከቤተሰቧ ጋር ቡራዩ የገባች የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። "ከእሱ ጋር የተጋባሁት ክርክሩን ማሸነፍ አቅቶኝ ነው" ትላለች ሰው ሲጠይቃት። ዛሬ ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር በአውቶቡስ ተሳፍራ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ትጠብቀዋለች።

ያኔ አየር ወለድ ክፍለ ጦሩ እንደ አዲስ ከተዋቀረ ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ባለትዳሮቹ በሰበታና በቡራዩ ኪራይ ቤቶች ተበታትነው ይኑሩ እንጂ፣ እርስ በርሳቸው እንደ አንድ ግቢ ሰው ነበሩ። የራሳቸው እድር ነበራቸው። ባሎች ልምምድ ሲወጡ ሚስቶች ልጅ ይያያዛሉ፣ የታመመ ያስታምማሉ፣ አራስ ይጠይቃሉ። ከቀረው ጦር የሚለያቸው ቀዩ ቦኔት ብቻ አልነበረም። ከሰማይ የሚወርድ ሰው ነፍሱን ለሌላ ሰው እጅ አስረክቦ ነው የሚወርደው፤ ያጠፈለትን፣ የፈተሸለትን፣ ከኋላ ቆሞ ትከሻውን የሚነካውን ማመን አለበት። በፓራሹት አጣፊዎች ክፍልም አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ያጠፈ ይዘላል። ገለቴም በዚያ ሕግ ከወታደሮቹ ጋር ስትዘል ኖራለች። ዛሬም የመጨረሻዋ ዘላይ እሷ ነበረች።

በሩ አጠገብ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን ተጠፍሮ፣ ሸራ የለበሰ ነገር አለ። ወታደሮቹ "የገለቴ ዊንች" ይሉታል፤ ገመድ እየጠቀለለ የሚስብ መሣሪያ ነው።

የዊንቹ ነገር የተጀመረው ካለፈው ክረምት በፊት ነው። አንድ ወታደር ሲዘል ፓራሹቱን ከአውሮፕላኑ ጋር በሚያያዘው መክፈቻ ገመድ ተጠልፎ ከአውሮፕላኑ ኋላ ተንጠልጥሎ ቀረ። በደንቡ መሠረት የተንጠለጠለ ሰው ነፍሱን ካልሳተ እጁን ሄልሜቱ ላይ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ገመዱ ይቆረጥለታል፤ እሱም ደረቱ ላይ ያለውን ተጠባባቂ ፓራሹት ስቦ ይወርዳል። ያ ወታደር እንዲሁ አደረገ። ሰበታ ዳር ከአንድ የአበባ እርሻ የፕላስቲክ ጣሪያ ላይ ወድቆ፣ ጽጌረዳ መካከል ቁጭ ብሎ ተገኘ። ጦሩ ለወራት ሲስቅበት ከረመ። ገለቴ ግን መሳቅ አልሆነላትም። ራሱን ስቶ ቢሆንስ ኖሮ? ራሱን የሳተን ሰው ቢቆርጡት ወድቆ ይሞታል፤ ባይቆርጡት ተጎትቶ ይሞታል። መዳኛው ወደ ውስጥ መሳብ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ከጥንት ይዞት የመጣው መሳቢያ ደግሞ ከተበላሸ ዘመናት አልፈዋል፤ መለዋወጫውም አይገኝም።

መልሱን ያገኘችው ቡራዩ ነው። አንድ እሑድ እነዲሪርሳ ቤት ምሳ ተጠርታ ስትሄድ፣ ከጎረቤት ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጓደኛቸውን ከጥልቁ በእጅ ዊንች እያዞሩ ሲያወጡት አየች። ምሳው እስኪቀዘቅዝ ቆማ ቀረች። ዊንቹን ማን እንደሠራው ስትጠይቅ አክመል አሏት፤ በአምቦ መንገድ ዳር በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። አክመል ነገሩን ሰምቶ መጀመሪያ እምቢ አለ።

"ጉድጓድ ውስጥ እኮ ንፋስ የለም፣ እህቴ" አላት።

ይሁን እንጂ እየተመላለሰች ስትነዘንዘው፣ ነገሩ እሱንም እንቅልፍ ነሳው። ሠርተው አፈረሱት፤ ደግመው ሠርተው ደግመው አፈረሱት። በመጨረሻ በአሸዋ ጆንያ ተሞክሮ ሲሳካ፣ የክፍለ ጦሩ ምክትል አዛዥ ኮሎኔል መልከጼዴቅ ዙሪያውን ሲመረምሩት ቆይተው "አውሮፕላኑ ላይ ይጫን፤ ሰው ግን ገና ነው" አሉ። ገለቴም አልተከራከረቻቸውም። እሷም በልቧ ገና ነው ትል ነበር።

ቡራዩ ከሥር አልፋ የእንጦጦ ሸንተረር በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ሲቀር፣ የዝላዩ መሪ ሻምበል ወንዳፍራሽ ጣቱን ቆልምሞ ወደ ላይ አነሳ። መንጠቆዎቹ በጣሪያው ሥር በተዘረጋው የብረት ገመድ ላይ ተራ በተራ ቀጭ፣ ቀጭ እያሉ ተቆለፉ። የሱሉልታ ሜዳ ፊት ለፊት ተንጣለለ። ድርቆሹ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል፤ ከብቶቹ ወደ ዳር ወጥተዋል፤ በመንገዱ በኩል የቤተሰቡ ነጠላና ጃንጥላ እንደ አበባ ነጠብጣብ ይታያል። የገለቴ አባት ኦቦ ጎበናም ከዚያ ሕዝብ መካከል አንዱ ናቸው። ሜዳው እንዲለቀቅ ገበሬውን ያግባቡት እሳቸው ነበሩ።

አረንጓዴው መብራት በራ።

የፊተኞቹ እንደ ውኃ ፈሰሱ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ቦታውን ይይዛል፤ የሻምበሉ እጅ ትከሻ ይነካል፤ ትከሻው ይጠፋል። ዲሪርሳ በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነፋስ አውሮፕላኑን ከጎን ገፋው። ወለሉ ተንሸራተተ። ዲሪርሳ እግሩ ሳይጸና ወጣ፤ ገለቴም የእሱ መክፈቻ ገመድ በቀኝ ክንዱ ሥር እንደ እባብ ሲጠመጠም አየች። እጇን ሰደደች፤ የያዘችው ግን ባዶ አየር ነበር።

ገመዱ ተወጥሮ የበሩን ጠርዝ ደበደበ። ከተለመደው ምት የተለየ፣ ከባድ፣ የሥጋ ክብደት ያለው ምት ነበር።

"ቁም" አለ ሻምበሉ፤ ክንዱን በሩ ላይ እንደ መቀርቀሪያ ጋርዶ። ቀይ መብራት በራ። ቀጥሎ ሊዘል የነበረው ወታደር ቢንያም አንድ እግሩ ጠርዙ ላይ ነበር፤ ከኋላው ያሉት በቀበቶው ጎትተው መለሱት።

ሻምበሉና ገለቴ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያያዛቸውን የወገብ ማሰሪያ አጥብቀው በሆዳቸው ተኝተው ወደ ውጭ ተመለከቱ። ዲሪርሳ ከጭራው ሥር ርቆ በገመዱ ጫፍ ይሽከረከራል። ቀኝ ክንዱ ከጀርባው ተጠምዟል። አንገቱ ወደ ደረቱ ወድቋል። ግራ እጁ እንደ ጨርቅ ይርገበገባል እንጂ ወደ ሄልሜቱ አይሄድም። ነፋሱ አንድ ጊዜ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ያስጠጋውና ደግሞ ያርቀዋል።

"ምልክት የለም" አለ ሻምበሉ። ወዲያው በጆሮው ላይ ባለው መነጋገሪያ ለአብራሪው ነገረ። አብራሪው አውሮፕላኑን እንደ ታመመ ሰው አልጋ በቀስታ አዘንብሎ በሰፊው መዞር ጀመረ። በጠባብ ቢዞር ገመዱ ዲሪርሳን ከጭራው ጋር ያላትመዋል። መንገዱም ወደ መጣበት፣ በቡራዩና በሰበታ ሰማይ ሆነ።

መጀመሪያ በእጅ ሞከሩ። ጉልበታሞቹ ጓንት አጥልቀው ገመዱን ያዙ፤ ገለቴም ከፊታቸው ሆነች። ትንሽ ሳቡት። ነፋሱ ነጠቃቸው። እንደገና ሳቡት፤ ገመዱ ከመዳፋቸው አምልጦ ጓንቱን በልቶ ቆዳውን ላጠው። ገለቴ እጇን ዘርግታ ስትመለከት ደም አልነበረም፤ ነጭ የተቃጠለ መስመር ብቻ።

"ሻምበል፣ ዊንቹን ልግለጠው?"

ሻምበል ወንዳፍራሽ አላያትም። ዓይኑ በሩ ላይ፣ ሐሳቡ አውሮፕላኑ ውስጥ ባሉት ወታደሮች ላይ ነበር። ከዚህ ቀደም ተወጥሮ የተበጠሰ የብረት ገመድ የሰው እግር ሲቆርጥ ያየ ሰው ነው።

"ከወለሉ ቢነቀል እዚህ ያለነውን ይፈጀናል፣ ገለቴ።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ።"

"ኮሎኔሉ ሰው አይሰቀልበትም ብለዋል።"

"ይጠይቋቸው እንግዲያ።"

ሻምበሉ ሬዲዮውን አነሳ። "ሜዳ፣ ሜዳ፣ ንስር ነኝ። አንድ ሰው ተንጠልጥሎብናል። ራሱን ስቷል። በእጅ አልተቻለም። ዊንቹን ልጠቀም ወይ፣ ተቀበል።"

ጥቂት ጊዜ የጥብስ ድምፅ የመሰለ ሹክሹክታ ብቻ ተሰማ። ከዚያ የኮሎኔል መልከጼዴቅ ድምፅ መጣ፤ የተረጋጋ፣ ግን እንደሮጠ ሰው የተቆራረጠ። "ሃምሳ አለቃዋን አገናኘኝ።"

ገለቴ መነጋገሪያውን ከጆሮዋ አስጠጋች።

"ስሚኝ ልጄ። ይሠራል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ምኑን አልሞከርሽውም?"

ጊዜ አልወሰደባትም፤ ጥያቄው ስንት ሌሊት የሄደችበት መንገድ ነው። "በበረራ ላይ አልሞከርኩትም ጌታዬ። የበሩ ጠርዝ ገመዱን ሊበላው ይችላል። ማቆሚያው ጥርስ እንዲህ ያለ የነፋስ ጉተታ ይችል አይችል አላውቅም።"

"ጠርዙን አልብሱት። ጥርሱን አትመኑ፤ ሁልጊዜ ሰው ገመዱ ላይ ይኑር። ወንዳፍራሽ፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ ጌታዬ።"

"ኃላፊነቱ የኔ ነው። ሳቡት።"

ሸራው ተገፈፈ። ወታደሮቹ የመቀመጫ ምንጣፍ፣ የወፍራም ጃኬት እጅጌ፣ ያገኙትን ሁሉ አጥፈው በበሩ ጠርዝ ላይ ጠፈሩ። ገለቴ በሆዷ እየተሳበች የዊንቹን መያዣ በመክፈቻው ገመድ ላይ አሰረች። ቢንያም እጀታውን ያዘ። መጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለ፤ ከዚያ አንድ ጥርስ ቀጭ አለ፤ ሌላ ጥርስ ቀጭ አለ። ገመዱ ወደ ውስጥ መጣ።

ከሥራቸው ቡራዩ ነበረች። አብራሪው ፍጥነቱን መቀነስ የሚችለውን ያህል ቀንሶ ስለነበር ቆርቆሮው፣ መንገዱ፣ ሚኒባሱ ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ሰው በየደጁ ወጥቶ አንጋጧል። ከአውሮፕላን በታች እንደ ፔንዱለም የሚወዛወዝ ሰው ያየ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ነበርና፣ ወሬው ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ሱሉልታ ደረሰ። ይህን ገለቴ ያን ጊዜ አላወቀችም። የምታውቀው የጥርሱን ድምፅ ብቻ ነበር። ቀጭ ባለ ቁጥር ትተነፍሳለች።

ግማሹን ያህል ከሳቡት በኋላ፣ አውሮፕላኑ ሰበታ ላይ ለመታጠፍ ሲያዘነብል፣ የማቆሚያው ጥርስ ተሰበረ።

እጀታው ወደ ኋላ ተፈትልኮ የቢንያምን ክርን መታው። ገመዱ የሚጠቀለልበት ጠምዛዛ ወደ ኋላ መሽከርከር ጀመረ። ኮሎኔሉ እንዳሉት ግን ሰው ገመዱ ላይ ነበር፤ ወታደሮቹ ተንሸራተው፣ በእግራቸው ወለሉን ቆፍረው፣ እየተጎተቱ ሄደው በሩ አፍ ላይ ገቱት። ማንም አልጮኸም። የሚሰማው የትንፋሻቸው ሲር ሲር ማለት ነበር።

ገለቴ ወደ ውጭ አየች። ዲሪርሳ አሁን ቀርቧል። ፊቱ ይታያል። ዓይኖቹም ተከፍተዋል።

ግራ እጁ ተንቀሳቀሰ። እየተንቀጠቀጠ፣ ነፋሱን እየታገለ ወጣና ሄልሜቱ ላይ አረፈ።

"ነቅቷል" አለ ሻምበሉ። "ምልክት ሰጥቷል።" እጁ ከጭኑ ላይ ቢላዋውን መዘዘ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ የተንጠለጠለው ምልክት ከሰጠ ይቆረጥለታል። ከዚያ በኋላ ነፍሱ በእጁ ናት።

የገለቴ ዓይን ግን ከእጁ ወደ ደረቱ ወረደ። ዲሪርሳ ተሽከርክሮ ፊቱን ሲሰጣቸው የመክፈቻው ገመድ በክንዱ ብቻ አልነበረም የዞረው። ክንዱን አስሮ፣ ደረቱን አቋርጦ፣ ተጠባባቂውን ፓራሹት ከላይ እስከ ታች እንደ እንሰት ጥቅል ጠፍሮታል።

የሻምበሉን ቢላዋ የያዘ እጅ አንጓ ያዘች። "ደረቱን ይመልከቱ።"

ሻምበሉ ጠበቀ። ዲሪርሳ ሄዶ ዞሮ ተመለሰ። ሻምበሉም አየ።

"ሲቆረጥ ውጥረቱ ይለቀቃል" አለ ቆይቶ። "ይላላ ይሆናል።"

"ይሆናል።"

"ባይላላ ግን ቢስበውም አይከፈትለትም።"

"አይከፈትለትም።"

"እሱ አያየውም። ቁረጡኝ ነው የሚለው፣ ገለቴ። ወታደሮቹስ እስከ መቼ ይይዙታል? ከእጃቸው ቢያመልጥ ምቱ አከርካሪውን ይሰብረዋል።"

ይህንን እሷም ታስበው ነበር። ትክክለኛው ይህ ነው የሚል ድምፅ በውስጧ አልነበረም። አንድ ሰው ስለ ራሱ ሞትና ሕይወት ፈርዶ ሲለምናቸው፣ እምቢ የሚሉት እነሱ ነበሩ። ዲሪርሳ እንደገና ሄልሜቱን መታ። ደግሞ መታ። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ነፋሱ ቃሉን ይበላዋል።

"እንሳበው" አለች። "ዊንቹ ቀርቷል፤ ሰው ግን አለ።"

ሻምበሉ ወደ ኋላ ዞረ። ወታደሮቹ ሁሉ ያዩታል። ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰና "መንጠቆ ፍቱ፤ ፓራሹት አውልቁ" አለ። "ሁሉም ገመዱ ላይ።"

ከአብራሪዎቹ በር እስከ ጭራው ድረስ ተሰልፈው ገመዱን ያዙ። የዊንቹን ጠምዛዛ ቢንያም በደኅነኛ እጁ እየጠቀለለ፣ የገባውን ያህል በብረት ዘንግ እየወተፈ እንዳይመለስ ያግደዋል። ሻምበሉ "ሳብ" ሲል ይስባሉ፤ "ያዝ" ሲል ይይዛሉ። ቃሉ አይሰማም፤ እጁን ነው የሚያዩት። ከመካከላቸው አንዱ በኦሮምኛ የአጨዳ ዜማ ጀመረ፤ አጠገቡ ያለው ተቀበለው፤ ቋንቋውን የማይችሉትም ዜማውን ያዙት። ሞተሩ ቃሉን ቢውጠውም እግራቸው ግን አብሮ መርገጥ ጀመረ።

ገለቴ በሩ ላይ ተንበርክካ ክንዶቿን በደረቷ ላይ አቆላልፋ ለዲሪርሳ አሳየችው። አይቆረጥም ማለቷ ነበር። እሱም አያት። ለቅጽበት እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ከዚያ ሄልሜቱን በጡጫ መታው። ግትርነቱ እዚያም አልለቀቀውም። እሷም ክንዷን ሳትፈታ ፊት ለፊት አየችው። እንዲህ ተያይተው ሳለ በገመዱ ልክ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ።

የበሩ ጠርዝ ሥር ሲደርስ ነገሩ ተቆለፈ። ነፋሱ ከአውሮፕላኑ ጎን ጋር አጣብቆታል፤ ገመዱን ቢስቡት የተጠመዘዘውን ክንድ ይገነጥሉታል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ከታች የሚገፋው ወይም ከወገቡ የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል።

ገለቴ የወገብ ማሰሪያዋን በሁለት እጇ ጎትታ ፈተሸች። ሻምበሉ እግሮቿን ያዘ። ግማሽ አካሏን ወደ ውጭ አሳልፋ ስትሰጥ ነፋሱ እንደ በሬ ቀንድ ደረቷ ላይ ወጋት፤ ዓይኗ በእንባ ታወረ። በዳሰሳ ሄደች። ትከሻውን አገኘች። ከትከሻው በታች የፓራሹቱን ጠፍር፣ ትናንት በገዛ እጇ ያጠበቀችውን፣ አገኘች። ጣቶቿን በሥሩ ሰደደች። የተላጠው መዳፏ እንደ ፍም ነደደ።

"ሲን ቀባ" አለችው በጆሮው፤ ይዤሃለሁ ማለቷ ነው። "ዲሪርሳ፣ ሲን ቀባ። ጀባዱ፤ በርታ።"

ግራ እጁ የልብሷን እጅጌ ጨበጠ።

ሻምበሉ እሷን ሳበ፤ ወታደሮቹ ሻምበሉን ሳቡ፤ ሁሉም አንድ ላይ ተደራርበው በጀርባቸው ወለሉ ላይ ወደቁ። ዲሪርሳ ከላያቸው ነበር። ከባድ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚንቀጠቀጥ። የሕክምና ባለሙያዋ ሮዳስ ገመዱን ከክንዱ ቆርጣ ጣለች። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ይተነፍሳል። ከወታደሮቹ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ሻምበል ወንዳፍራሽ ሬዲዮውን አነሳ።

"ሜዳ፣ ንስር ነኝ። ገብቷል። በሕይወት አለ።"

ከኮሎኔሉ ድምፅ ጀርባ የሕዝብ ጉምጉምታ ይሰማል። "እግዚአብሔር ይመስገን። ሆስፒታሉ እንዲዘጋጅ አደርጋለሁ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እዚህ ግን ችግር አለ። ሰዉ በስልክ አይቶታል። የወረዱትን ስም እየጠሩ የጎደለው ማን እንደሆነ አውቀውታል። ለሚስቱ አለ አልኳት፤ አታምነኝም። ማንንም አታምንም። ሴቶቹ ይዘዋታል።"

ገለቴ ሰማች። ፀደንያ ለምን እንደማታምን ለማንም መንገር አያስፈልግም። እዚህ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ አመም አድርጎት ነው፣ ደኅና ነው፣ ብቻ ነይ ቤት እንሂድ። አለ የሚለውን ቃል ሰው እያደር የሚፈራው ለዚህ ነው።

"ሻምበል፣ በሜዳው በላይ እናልፋለን?"

"መንገዳችን ነው።"

"ልዝለል። ያየሁት፣ የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔን ታምነኛለች።"

ሻምበሉ እጆቿን አየ። "በዚህ መዳፍ?"

"ሮዳስ ትጠቅልልኛለች።"

አውልቃ የነበረውን ፓራሹት አንስታ ለበሰች። ሻምበሉ ራሱ ፈተሸላት፤ ከወትሮው አስረዝሞ ፈተሸ። ወታደሮቹን ዞሮ "ማንም አይገደድም" አለ። "የፈራ ይቀመጥ፤ እኔም ፈርቻለሁ።" ቢንያም ያበጠ ክርኑን አቅፎ በቁጭት ተቀመጠ። ሌሎቹ ጥቂት ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ተነስቶ ፓራሹቱን ለበሰ፤ ቀጥሎ ሌላው።

ገለቴ በዲሪርሳ አጠገብ ስታልፍ ጎንበስ አለች። ዓይኑ ተከፍቷል። አንድ ነገር ይላል። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች፤ ሰማችው፤ ቀና አለች። ሮዳስ "ምን አለ?" ስትላት አልመለሰችም።

በሩ ላይ ቆማ የተቀደደውን ምንጣፍ፣ የተላጠውን ጠርዝ አየች። ገመዷን ከክንዷ አርቃ ያዘች። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን የሻምበሉን እጅ ሳትጠብቅ ወጣች።

ፓራሹቱ ተከፈተ። ዝምታው መጣ፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ጆሮ የሚያደነቁር ዝምታ። መምሪያውን ገመድ ለመሳብ መዳፏ አልቻለም፤ በክርኗ ጠምጥማ ከድርቆሹ ክምር ራሷን አራቀች። መሬቱ ከጠበቀችው ቀድሞ መጣና ወደ ጎን ጣላት።

ቀድመው የደረሱት አባቷ ነበሩ። ኦቦ ጎበና በትራቸውን ጥለው እየሮጡ መጥተው "ፈያዳ? ደኅና ነሽ?" ሲሏት ራሷን ነቅንቃ ትከሻቸውን ነካችና አለፈቻቸው። ከመንገዱ በኩል ሴቶቹ ተከማችተዋል። እየቀረበች ስትሄድ ክቡ ተከፈተላት። ፀደንያ መሐል ቆማለች፤ ሁለት የእድሩ ሴቶች ክንዷን ይዘዋታል። እያለቀሰች አልነበረም። ፊቷ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ነው።

"አንቺም አለ ልትይኝ ነው" አለቻት።

"አለ።"

"አባቴ የሞተ ቀንም እስከ ማታ አለ ሲሉን ነው የዋሉት።"

"በእጄ ይዤዋለሁ ፀደንያ። ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ሌላው አካሉ ደኅና ነው።"

ፀደንያ የተጠቀለለውን እጇን አየች፤ ፊቷን አየች። "ተናገረ?"

"ተናገረ።"

"ምን አለ?"

ገለቴ አመነታች። ዙሪያውን እናቶችና ልጆች ቆመዋል። "ሰደበን" አለች።

"ምን ብሎ?"

"ቁረጡ ስላችሁ ለምን አልቆረጣችሁም፣ ለመሆኑ በማን ነፍስ ላይ ነው የምትወስኑት አለ። ሻምበሉን እከሰዋለሁ አለ። አንቺንም እከስሻለሁ አለኝ።"

ፀደንያ የያዟት ሴቶች ሳይችሏት በታጨደው ሣር ላይ ቁጭ አለች።

"እሱ ነው" አለች። "ወይኔ፣ እሱ ራሱ ነው።"